የአየር ንብረት ጉዳይ ለቀበሌና ለወረዳ ምክር ቤት እንዴት ይቀርባል?

በእነዚህ ገጾች ስለ ድርቅ፣ ስለ ጎርፍና ስለ እርዳታ ሥራ በየጊዜው ይጻፋል። እህል ይታደላል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ችግኝ ይተከላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከምንጩ በላይ ያለው ተራራ ራቁቱን ከቀረ ምንጩ ይነጥፋል፤ የተተከለውም ችግኝ ከብት ከተለቀቀበት አንድ በጋ እንኳ አይዘልቅም። ተራራው እንዲከለል፣ ጠባቂ እንዲቆም፣ ለጥገና ገንዘብ እንዲመደብ የሚወስነው የእርዳታ ድርጅቱ አይደለም። የሚወስነው የአካባቢው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱን ማነጋገር ያልለመደ ማኅበር የሥራውን ግማሽ ሳይሠራው ይቀራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ብዙ ምእመናን ግን የምክር ቤት አባልን ማነጋገር ወይ የፖለቲካ ሥራ ወይ ደጅ ጥናት ይመስላቸዋል። ሁለቱንም አይደለም። ደጅ የሚጠና ሰው ለራሱ ጥቅም ይለምናል፤ የፖለቲካ ሰው ሥልጣን ይፈልጋል። እኛ እዚህ የምንናገርለት ግን አንድ መንደር ስለሚጠጣው ውኃና ስለሚያርሰው መሬት በግልጽ ወጥቶ መጠየቁን ነው። አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ካልተናገሩ የሚቀረው ሹመት ብቻ አይደለም፤ ውኃም ይቀራል።

ነገሩ የሩቅ ስብሰባ ጉዳይ ብቻ አይደለም

የምድር ሙቀት እየጨመረ መሄዱ ዛሬ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው። በኢንዱስትሪ የበለጸጉ አገሮች ከመቶ ዓመት በላይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ በብዛት ሲያነዱ ኖረዋል፤ በዓለም ዙሪያም ብዙ ደን ተመንጥሯል። ከዚህ የሚወጣው ጋዝ፣ በተለይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ምድርን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ሙቀቷ እንዳይወጣ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 የነበረው አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በልጦ ተገኝቷል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ዝናብን ከወቅቱ ለማዛባት፣ ድርቁን ለማክፋትና ጎርፉን ለማበርታት በቂ ነው።

ለዚህ ሁሉ ኢትዮጵያ ያላት ድርሻ ጥቂት ሲሆን ጉዳቱ ግን ከባድ ሆኖባታል። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኞ ባባሰው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች የምግብ እርዳታ አስፈልጓቸው ነበር። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በጎረቤት አገሮች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ ከብቱም አለቀ። ይህን የአፍሪካ ቀንድ ድርቅ የመረመሩ የልዩ ልዩ አገር ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት፣ የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለ ድርቅ የሚደርስበትን ዕድል ቢያንስ በ100 እጥፍ እንዳሳደገው ገልጸዋል።

ታዲያ ጥፋቱ የትልልቅ አገሮች ከሆነ የቀበሌ ምክር ቤት ምን ሊያደርግ ይችላል? ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። ለዚህ ሁለት መልስ አለ።

አንደኛ፣ ጋዙ የሚወጣው በየትም ይሁን ጉዳቱ የሚደርሰው በታወቀ ቦታ ነው፤ በዚህ ዳገት፣ በዚያ ወንዝ ዳር፣ በእገሌ መንደር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የመጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እነርሱንም ሁለተኛው ናዳ ዋጣቸው። የትኛው ቤት ከየትኛው ዳገት ሥር እንዳለ፣ ዝናብ ሲበረታ ማን ማንን እንደሚያስጠነቅቅ፣ ከናዳ በኋላ ቁፋሮው በምን ጥንቃቄ መካሄድ እንዳለበት ከሩቅ ሆኖ ሊያዘጋጅ የሚችል የለም። የሚቻለው በወረዳና በቀበሌ ነው።

ሁለተኛ፣ በኢትዮጵያ ከሚለቀቀው ጋዝ አብዛኛው የሚወጣው ከፋብሪካ ሳይሆን ከመሬት አያያዝ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የአገሪቱ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር። ከዚህም ከ85 በመቶ በላይ የሆነው የመጣው ከእርሻ፣ ከከብት እርባታና ከደን መመንጠር ነው። ደን፣ ግጦሽና ማገዶ ደግሞ በየዕለቱ የሚዳኙት በቀበሌ ነው። እንግዲህ በኛ አገር የአየር ንብረት ፖሊሲ መጨረሻው የሚታየው በቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው።

ምክር ቤቱ ምን ሊወስን ይችላል?

የቀበሌ ምክር ቤት በሕዝብ ይመረጣል። በ2000 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 ከፍ እንዲል ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ከምእመናኑ ወይም ከጎረቤቶቻቸው መካከል የምክር ቤት አባል የሆነ ወይም የነበረ ሰው የማይገኝበት ጉባኤ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ተላልፎ እንደ ነበር አይዘነጋም። በመሆኑም ከሁሉ አስቀድማችሁ በአካባቢያችሁ ምክር ቤት ዛሬ እነማን እንዳሉ፣ አፈ ጉባኤው ማን እንደሆነ፣ ግብርናን የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ መቼ እንደሚሰበሰብ ጠይቃችሁ ተረዱ።

ከቀበሌ በላይ ያለው የወረዳ ምክር ቤት የወረዳውን ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፤ የአስተዳዳሪውንና የጽሕፈት ቤቶቹን ሥራም ይቆጣጠራል። ከወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል በመሆኑ ለአዲስ ሥራ የሚተርፈው ገንዘብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ይዞ መሄድ ተስፋ ያስቆርጣል። ነገር ግን ገንዘብ ሳይሆን ውሳኔ የሚጠይቁ ብዙ ነገሮች አሉ። ከእነዚህ ጥቂቶቹ የሚከተሉት ናቸው፦

1. የተራቆተ ዳገት ከሰውና ከከብት ንክኪ እንዲከለል መወሰን፤ ሣሩም በተራ እየታጨደ ለመኖ እንዲውል ደንብ ማውጣት።

2. በበጋ ወራት ሕዝቡ በነጻ ጉልበቱ የሚሠራው የእርከንና የክትር ሥራ በየትኛው ተፋሰስ እንዲሆን መምረጥ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ባለባቸው ወረዳዎችም የማኅበረሰብ ሥራው ዕቅድ የሚጀምረው ከቀበሌ ነው።

3. ችግኝ ከተተከለ በኋላ የሚጠብቀውንና የሚንከባከበውን ወገን መወሰን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አስታውቆ ነበር። ይሁን እንጂ ገበሬውን የሚጠቅመው የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ችግኝ ነው። ችግኙ የሚጸድቀውም ኃላፊነት የወሰደ ሰው ሲኖር ነው።

4. በወንዝ ዳርና በናዳ በሚያሰጋ ዳገት ሥር አዲስ ቤት እንዳይሠራ ማድረግ፤ ከዚያ ለሚነሡት ቦታ መፈለግ።

5. የውኃ ተቋማት ጥገና በጀት እንዲያዝለትና የውኃ ኮሚቴው ሒሳብ እንዲመረመር ማድረግ።

6. ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የሚሠሩ ሴቶችና ወጣቶች መሥሪያ ቦታ እንዲያገኙ መፍቀድ።

እንዲህ ያለ ውሳኔ ምን ያህል እንደሚያፈራ በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ተራራ ምስክር ነው። በዚያ በ1999 ዓ.ም. በወርልድ ቪዥን ኢትዮጵያ ድጋፍ በተጀመረው ሥራ 2,728 ሔክታር የተራቆተ መሬት ተከለለ። አብዛኛው ደን የተመለሰው በአዲስ ችግኝ አይደለም፤ ከመሬት በታች በሕይወት የቆየውን የነባር ዛፍ ጉቶና ሥር በመንከባከብ ነው። ሥራው የጸናው ግን ጉቶው ስላቆጠቆጠ ብቻ አልነበረም። ሰባት የአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብታቸው በመንግሥት ታወቀላቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሮጀክቱ በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቦ ማኅበራቱ ከካርቦን ሽያጭ ገንዘብ ለማግኘት በቁ። መብቱ በወረቀት ባይሰፍር ኖሮ ማንም ገበሬ ለልጅ ልጁ የሚደርስ ዛፍ ለመጠበቅ ባልደፈረ ነበር።

ከጎረቤት አገርም አንድ ምሳሌ እንጨምር። በኬንያ የማኩዌኒ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደንብ ከልማት በጀቱ ቢያንስ 1 በመቶ የሚሆነው ለአየር ንብረት ሥራ እንዲውል ወስኗል። ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል የሚለውን የሚመርጡት በየቀበሌው ካሉ ነዋሪዎች የተውጣጡ ኮሚቴዎች ናቸው። በደረቅ አገር የሚኖሩ ሰዎች በመሆናቸው በብዛት የመረጡት የውኃ ሥራ ነው። ይህ የሚያሳየው የአካባቢ ምክር ቤት ከፈለገ በራሱ ሥልጣን ሕግ አውጥቶ መሥራት እንደሚችል ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ በአስተዳደሩ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡን በቀጥታ የሚመለከት የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲወጣም ሆነ ሲፈጸም ሕዝቡ ሊጠየቅና አሳቡን ሊገልጽ እንደሚገባው ይናገራል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065ም የማኅበረሰብ ደን የሚባለውን የባለቤትነት ዓይነት ያውቃል። እነዚህን አንቀጾች መጥቀስ ባለ ሥልጣንን ለማስፈራራት አይደለም፤ የምንጠይቀው ልዩ ውለታ ሳይሆን ሕጉ የፈቀደውን መሆኑን ለማስታወስ ነው።

የፕሮጀክት ሠራተኞች በተለይ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብትና ይህን በመሳሰሉ ጉዳዮች እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ የልማት ድርጅቶች ጉድጓድ ከመቆፈር በቀር ስለ ሌላ ነገር አፋቸውን መክፈት ይፈሩ ነበር። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ሕግ ተክቶ ክልከላውን አነሣ። ሆኖም ሕግ የሚሻሻል ነገር ስለሆነ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ደንብ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት አጣሩ። ከሁሉም በላይ ግን ጥያቄው የድርጅቱ ሳይሆን የነዋሪው ይሁን። ሠራተኛው መረጃ ያቀርባል፣ ወረቀት ያዘጋጃል፤ የሚናገረው የቦታው ሰው ነው።

ከመሄድ በፊት የሚደረግ ዝግጅት

በዚህ ነገር ከነህምያ የምንማረው ብዙ ነው። የኢየሩሳሌምን ቅጥር መፍረስ በሰማ ጊዜ ወዲያው ወደ ንጉሡ አልሮጠም፤ አራት ወር ያህል በጾምና በጸሎት ቆየ። ንጉሥ አርጤክስስ በጠየቀው ጊዜ ግን የሚፈልገውን ለይቶ አውቆ ነበር። የሚቆይበትን ጊዜ ወስኖ ተናገረ፣ ለአገረ ገዥዎቹ ደብዳቤ ለመነ፣ ለበሩና ለቅጥሩ የሚሆን እንጨት እንዲሰጠው ለንጉሡ ዱር ጠባቂ ለአሳፍ እንዲጻፍለት ጠየቀ። ከደረሰም በኋላ ለሹማምንቱ ከመናገሩ በፊት በሌሊት ቅጥሩን ዞሮ አየ። መጸለይ፣ ማየት፣ ለይቶ መጠየቅና ጊዜ መቁረጥ፤ የዛሬም ሥርዓቱ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ቦታውን ዙሩ። ምንጩ የደረቀው ከስንት ዓመት ወዲህ ነው? ጎርፉ በየትኛው ክረምት የማንን ማሳ ወሰደ? ስንት ቤተ ሰብ ከዳገቱ ሥር ይኖራል? ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም በቁጥር ጻፉ። «ድርቅ በዝቷል» የሚል ንግግር የምክር ቤት አባል ከማንም ሰምቶታል። «ሴቶቹ ከትናንት በስቲያ ውኃ የቀዱት የስንት ሰዓት መንገድ ሄደው ነው» የሚለው ግን ያስቆመዋል።

ከዚያ ሌሎችን አግኙ። አንድ ጉባኤ ብቻውን ከሚጠይቅ እድሩ፣ የእርሻ ማኅበሩ፣ ደብሩና መስጊዱ አብረው ቢጠይቁ ይበልጣል። ጎርፍ ሃይማኖት አይመርጥም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውንም አትርሱት፤ ነገሩን በሙያ ቋንቋ ለግብርና ጽሕፈት ቤት የሚያስረዳላችሁ እርሱ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ በውሳኔው የሚጎዳውን ሰው አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ዳገት ሲከለል ፍየሉን የሚያሰማራበት የሚያጣ አለ፤ እንጨት ለቅማ ሸጣ ልጆቿን የምታበላ ሴት አለች። ለእነዚህ ሰዎች መላ ሳይፈለግ የቀረበ ጥያቄ ድሃውን በድሃ ላይ ማነሣሣት ይሆናል። ቢፈቀድም በሌሊት ይፈርሳል። የሚታጨደው ሣር በመጀመሪያ ለእነርሱ እንዲደርስ፣ የጥበቃውም ሥራ ለእነርሱ እንዲሰጥ በጥያቄው ውስጥ ይግባ።

የጥያቄው አጻጻፍ

ጥያቄው አንድ ይሁን። አሥር ነገር የጠየቀ አንዱንም ሳያገኝ ይመለሳል። ማን፣ ምን፣ የት፣ እስከ መቼ እንዲያደርግ እንደምትፈልጉ በግልጽ ይጻፍ። እናንተም የምታዋጡት ነገር ይኑር፤ ጉልበትም ይሁን፣ ድንጋይም ይሁን፣ ዘርም ይሁን። ለምሳሌ የሚከተለውን መልክ እንደየቦታችሁ እያሻሻላችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፦

«ለ……… ቀበሌ ምክር ቤት።

ጉዳዩ፦ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ዳገት እንዲከለል ስለ መጠየቅ።

እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው የ……… መንደር ነዋሪዎች፣ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ዳገት በመራቆቱ በ……… ክረምት ጎርፍ የ……… አባወራ ማሳ እንደወሰደብን፣ ምንጩም ከ……… ወር በኋላ እንደሚደርቅብን እናመለክታለን። ስለዚህ ምክር ቤቱ በሚቀጥለው ጉባኤው ዳገቱ ከግጦሽና ከእንጨት ቆረጣ ነጻ ሆኖ እንዲከለል እንዲወስንልንና የአጠቃቀም ደንብ እንዲያጸድቅልን በአክብሮት እንጠይቃለን። እኛም በበኩላችን እርከኑን በጉልበታችን ለመሥራትና በተራ ለመጠበቅ ተስማምተናል። በዳገቱ ከብት የሚያሰማሩት ……… ቤተ ሰቦች ሣሩን በቅድሚያ እንዲያጭዱ ተነጋግረናል።

ከሰላምታ ጋር።

ግልባጭ፦ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት።»

ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ ለመዝገብ ቤት ይሰጥ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ እናንተ ዘንድ አስቀሩት። ቁጥር የሌለው ወረቀት «አልደረሰንም» ለሚል መልስ የተጋለጠ ነው።

ጊዜውን ማወቅ

በአገራችን የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ሲሆን የሚያበቃው ሰኔ 30 ቀን ነው። ዕቅዱ ግን ከቀበሌ ወደ ወረዳ የሚሄደው ከዚያ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ነው። በሰኔ የቀረበ የገንዘብ ጥያቄ ባቡሩ ካለፈ በኋላ እንደ ደረሰ መንገደኛ ነው። በጥርና በየካቲት የቀረበ ግን በዕቅዱ ውስጥ የመግባት ዕድል አለው። የበጋው የእርከን ዘመቻ የት ይሁን የሚለውን ደግሞ መኸር ሲሰበሰብ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማንሣት ይሻላል። የመትከያ ቦታና የጥበቃ ጉዳይ ክረምት ከመግባቱ በፊት ይለቅ።

በብዙ ወረዳዎች የበጀቱ ድልድል ቀለል ባለ ሰንጠረዥ ተዘጋጅቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ የተደረገው ነዋሪው እንዲያነበው ነው። ቆማችሁ አንብቡት። ለውኃ ጥገና የተያዘ ገንዘብ አለ? ስንት ነው? ይህን ያወቀ ሰው በስብሰባ ላይ የሚናገረው አይታጣም።

በምክር ቤቱ ፊት

ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይበቃል። ከእነዚህም ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፤ የውኃውን ነገር በጀርባቸው የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ሰላምታ ከሰጣችሁ በኋላ ምክር ቤቱ ቀድሞ ለሠራው መልካም ሥራ አመስግኑ፤ ምስጋናው ግን እውነት ይሁን። ከዚያ በአጭሩ ችግሩን፣ ጥያቄውንና እናንተ የምታዋጡትን ተናገሩ። ስለ ዓለም ሙቀት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚሻለው አባላቱን ወደ ቦታው መጋበዝ ነው። ጎርፍ የቦረቦረውን ማሳ በዓይኑ ያየ ሰው በጉባኤ ላይ ሲናገር ሌላ ሰው ይሆናል። አንድ ትልቅ ጥንቃቄ ግን አለ፤ የአበል ነገር። ድርጅቱ መጓጓዣ ቢያቀርብ በግልጽ ተመዝግቦ ይሁን። ገንዘብ፣ ግብዣ ወይም ሌላ እጅ መንሻ ግን አይሰጥም። ዛሬ በአበል የመጣ ውሳኔ ነገ አበል ሲቀር አብሮ ይቀራል፤ የቤተ ክርስቲያንንም ስም ያጎድፋል።

የምክር ቤት አባልን ባላጋራ አድርጎ መመልከትም አይገባም። ብዙዎቹ የአካባቢው ገበሬዎችና መምህራን ናቸው። ከላይ የሚመጣ ትእዛዝና ከታች የሚመጣ ጩኸት በሁለት ወገን ይይዛቸዋል። በጽሑፍ የቀረበ የሕዝብ ጥያቄ ሊሠሩት እየፈለጉ ምክንያት ላጡት መልካም ነገር ድጋፍ ይሆናቸዋል።

ከመልሱ በኋላ

ውሳኔው «እሺ» ከሆነ በቃለ ጉባኤ መግባቱን አረጋግጡ፤ ቅጂውንም ለምኑ። በቃል የተሰጠ ተስፋ ኃላፊው ሲዛወር አብሮት ይሄዳል። ሥራው ሲፈጸም ደግሞ አባላቱን ጠርታችሁ በሕዝብ ፊት አመስግኑ።

መልሱ «እናያለን» ከሆነ ቀን ጠይቁ፤ በቀኑም ተመልሳችሁ ሂዱ። ጌታችን በምሳሌው የተናገረላት መበለት ዳኛውን ያሸነፈችው በገንዘብ ወይም በወገን ሳይሆን ተመላልሳ በመጠየቋ መሆኑን እናስታውስ። «አይሆንም» ከተባለ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ምክንያቱ ሥልጣን አለመኖር ከሆነ ጥያቄው ወደ ወረዳ ወይም ወደ ዞን ይሂድ። ምክንያቱ ገንዘብ ከሆነ ከፍላችሁ ጠይቁ። ምክንያቱ በመንደሩ ውስጥ ያለ አለመስማማት ከሆነ ግን ጥፋቱ ከምክር ቤቱ አይደለም፤ ተመልሶ ጎረቤትን ማነጋገር ነው።

ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች

ጉባኤው ለማንኛውም ፓርቲ ወይም ተመራጭ አይወግን፤ መድረኩም የምርጫ ቅስቀሳ ቦታ አይሁን። ደብዳቤው ሥልጣን ላይ ላለውም፣ ነገ ለሚመጣውም ያው ይሁን። ጸጥታ ባልሰፈነበት አካባቢ ሰው ከመሰብሰባችሁ በፊት ሽማግሌዎችን አማክሩ፤ የማንንም ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ ስብሰባ አይደረግ። ፊርማ ስታሰባስቡም ማንንም አታስገድዱ።

ሌላው፣ ከራስ ቅጥር መጀመር ነው። በጸሎት ቤቱ ግቢ አንድ ዛፍ ሳይኖር፣ የጣራው ውኃ በከንቱ እየፈሰሰ ስለ ተራራ መናገር ያሳፍራል። አሸንዳ አበጅቶ የዝናብ ውኃ ያጠራቀመ፣ ግቢውን አገር በቀል ዛፍ ያለበሰ ጉባኤ አፉን ሳይከፍት ግማሹን ተናግሯል።

በውጭ አገር ላላችሁ

ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ መካከል በበለጸጉት አገሮች የምትኖሩ አላችሁ። እናንተ ያላችሁት ጋዙ በብዛት በሚወጣበት ስፍራ ስለሆነ ድምፃችሁ ሌላ ክብደት አለው። ለምሳሌ በብሪታንያ የብሪስቶል ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የአየር ንብረት አስቸኳይ ጊዜ በማወጅ በአገሪቱ የመጀመሪያው ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ከ300 በላይ ምክር ቤቶች ተከትለውታል። በዚያ አገር የምክር ቤት አባላት ነዋሪውን የሚያነጋግሩበት የታወቀ ሰዓት ያደርጋሉ። ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ምክር ቤት ቤቶች ሙቀት አያያዝና ስለ አዳዲስ ሕንፃዎች መጠየቅ ይቻላል። የወሰኑት ምን እንደ ደረሰም ጠይቋቸው፤ ማወጅ አንድ ነገር ነው፣ መሥራት ሌላ። ዘመዶቻችሁ በድርቅ ያዩትንም ንገሯቸው፤ ይህን ከእናንተ የተሻለ ሊነግራቸው የሚችል የለም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ባለፉት አሥር ዓመታት በዝናቡ፣ በምንጩና በሰብሉ ላይ ምን ለውጥ አይተናል?

2. ከምክር ቤቱ አባላት የምናውቃቸው እነማን ናቸው? ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገርናቸው መቼ ነው?

3. ገንዘብ ሳይሆን ውሳኔ ብቻ የሚጠይቅ አንድ ነገር ብንመርጥ ምን ይሆን?

4. ይህ ውሳኔ ማንን ይጎዳል? ለእርሱስ ምን አስበናል?

5. ከየትኞቹ ጎረቤቶቻችን ጋር አብረን ልንጠይቅ እንችላለን?

ከዚህ ውይይት አንድ ጥያቄ፣ አንድ ቀንና የሦስት ሰዎች ስም ይዛችሁ ብትወጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃል። ለአካባቢያችሁ ምክር ቤት አባላትም በስማቸው ጸልዩ። ከዚያ ማመልከቻውን ይዛችሁ ሂዱ።